የሐኪሙ መድኃኒትና የቤቱ መድኃኒት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ የስኳር ወይም የግፊት ካርድ ባለበት ቤት አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ ወይም ጫት አይጠፋም። ስለዚህ «የባህሉ ይሻላል ወይስ የሐኪሙ?» ብሎ መከራከር ብዙም አያዋጣም፤ ሁለቱም እየተወሰዱ ነው። የሚያዋጣው ስንት፣ መቼና ከምን ጋር ብሎ መጠየቅ ነው። መልሶቹ ለአዋቂ የተጻፉ ናቸው። ሕፃንና ነፍሰ ጡር የሚመለከታቸው ቦታ ላይ ለብቻው ተጠቅሷል።

የተቀናጀ ሕክምና ሐኪም ሲባል ምን ማለት ነው? ከባህል ሐኪም በምን ይለያል?

መጀመሪያ ነገር ሐኪም ነው። ተምሮ፣ ፈቃድ አውጥቶ ግፊትን በኪኒን፣ የሳንባ ምችን በአንቲባዮቲክ ያክማል። ከሌላው ሐኪም የሚለየው ምግብን፣ እንቅልፍን፣ እንቅስቃሴን፣ ጭንቀትን፣ ሱስንና ቤት ውስጥ የሚወሰደውን ቅጠላ ቅጠል ልክ እንደ መድኃኒት ጠይቆ፣ መዝግቦ፣ በቀጠሮ የሚከታተል በመሆኑ ነው። ማስረጃ ያለውን ይጨምራል፣ የሚጎዳውን ያስቆማል፤ የማይጠቅምም የማይጎዳም ከሆነና ኪስ የማያራቁት ከሆነ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

«አማራጭ ሕክምና» የሚባለው ሌላ ነው፤ እዚያ የሐኪሙ ሕክምና ይተውና በሌላ ይተካል። የካንሰር ታካሚ ለማቅለሽለሹ ዝንጅብል ቢጨምር ቅንጅት ነው። መርፌውን ትቶ ዝንጅብል ቢጠጣ ግን ሕክምናውን አቋርጧል፤ ሌላ ስም አይሰጠውም።

ቤት ስለምወስደው ነገር ለሐኪሜ ብነግረው አይቆጣም?

አንዳንዱ ይቆጣ ይሆናል፤ ቢሆንም ይንገሩት። ሲሄዱ በቃል ከመግለጽ ይልቅ ዕቃውን ራሱን በፌስታል፣ የሚለኩበትን ማንኪያም ጨምረው ይያዙ። አንዱ አብሽ የሚለውን ሌላው ሁልበት ይለዋል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛ ስሙ ሲለዋወጥ ሐኪሙ ሌላ ተክል መዝግቦ ሊልክዎ ይችላል። ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው አምስት ነገር ነው፦ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ክፍሉ (ቅጠል፣ ሥር፣ ፍሬ)፣ እንዴት እንደተዘጋጀ (ተፈልቶ፣ ተወቅጦ፣ በዘይት)፣ በቀን ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ። ባለሙያው «ምስጢር ነው» ብሎ ስሙን ያልነገረዎት ድብልቅ ከሆነ ይህንኑ ይንገሩት፤ ጉበትና ኩላሊትዎን በላቦራቶሪ ማየት የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የስኳር ኪኒን እወስዳለሁ። አብሽ ብጠጣ ችግር አለው?

አብሽ የደም ስኳርን በመጠኑ ይቀንሳል። ፍሬው በውሃ ሲነካ የሚያሟልጭ አሰር አለው፤ እሱ አንጀት ውስጥ የምግቡን ስኳር ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርገዋል። ሐረር ውስጥ ሁልበት መረቅ የሚበላ ሰው ይህን ልጥልጥ ያለ አረፋ በደንብ ያውቀዋል። ለውጥ ያሳዩት ጥናቶች በአብዛኛው በቀን ከ5 ግራም ጀምሮ ያለ ዱቄት የተጠቀሙ ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፍሬ ወደ 11 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ማንኪያ ከበቂ በላይ ነው።

ሦስት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው በጣም የተለመደ ነው፦ ስኳር ለመቀነስ ተብሎ የሚጠጣው አብሽ ምሬቱን ለመግደል በማር ይበጠበጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም ስኳር አለው፤ አብሹ የቀነሰውን ማሩ መልሶ ይሞላዋል። ምሬቱ ካስቸገረዎ ዱቄቱን ማታ ዘፍዝፈው ውሃውን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይቀይሩት፤ መራራው ውሃ ሲደፋ አሰሩ ይቀራል። ሁለተኛው፣ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ድንገት አብሽ ሲጨምር ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስድ ይህ ስጋት ያነሰ ነው። ሦስተኛው፣ አሰሩ ኪኒንም ይይዛል፤ መድኃኒትዎን ከአብሹ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመው ይዋጡ።

ነፍሰ ጡር ሴት በወጥ ውስጥ ያለውን ያህል ብትበላ ችግር የለውም፤ በመድኃኒት መጠን ግን አትውሰድ። ለውዝ የሚቆጣው ሰውም ይጠንቀቅ፤ አብሽና ለውዝ የአንድ ዘር ቤተሰብ ናቸው።

ኢንሱሊኔን ያለ ፍሪጅ ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ እንዴት ላቆየው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ መልስ ይገባዋል፤ ስኳር አልወርድ ያለው ሰው መድኃኒቱ ስለማይሠራ ሳይሆን ስለተቀቀለ ሊሆን ይችላል። የተከፈተ ብልቃጥ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን ድሬዳዋ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

የአያቶች የውሃ ማሰሮ እዚህ ጋ ከማንኛውም ዘመናዊ ሳጥን አያንስም። ሁለት የሸክላ ማሰሮ ይፈልጉ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ፤ ውጭው በቀለም ወይም በዘይት ያልተለቀለቀ ይሁን፣ አለበለዚያ ውሃው በገላው አይተንም። ትልቁ ውስጥ ከታች ሦስት ጣት የሚያህል አሸዋ ያድርጉ፣ ትንሹን ያስቀምጡበት፣ በሁለቱ መሃል ያለውን ክፍተት በአሸዋ ይሙሉ። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡት። ብልቃጡን በሚታሰር ላስቲክ ጠቅልለው ውስጥ ያስገቡና በእርጥብ ጨርቅ ይክደኑት። ቦታው ጥላና ነፋስ ያለው ይሁን። ኩሽና ምድጃ አጠገብ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ካስቀመጡት ልፋቱ ከንቱ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ትነት ስለሆነ አየር መንቀሳቀስ አለበት። ደረቅ በሆነ ቀን በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ባለበትና አየሩ በታፈነበት ቀን ግን ብዙ አይሠራም። ርካሽ ቴርሞሜትር ውስጡ ቢጥሉ ግምት ይቀርልዎታል።

ፍሪጅ ያለው ደግሞ ተቃራኒውን ይጠንቀቅ፤ በረዶ ቤቱ ሥር የተቀመጠ ኢንሱሊን በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም አይሠራም። ንጹሕ መሆን ያለበት ኢንሱሊን ከደፈረሰ፣ ነጩ ደግሞ ተንከባሎ የማይቀላቀል ጥጥ የመሰለ ነገር ካበጀ ይጣል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጡም በሚኒባስ ዳሽቦርድ ላይ አያስቀምጡት።

ጫት እቅማለሁ። መድኃኒት ስወስድ ምን ልጠንቀቅ?

ብዙ ሐኪም «ተው» ብሎ ያልፋል። በርጫ ላይ የሚውለው ሰው ግን ነገም መቃሙ ስለማይቀር ዝርዝሩ ያስፈልገዋል።

ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ውጤቱ መቃም ከተጀመረ በኋላ ሦስትና አራት ሰዓት ይቆያል። የግፊት ኪኒን እየዋጡ በየቀኑ መቃም አንድ እግር ፍሬን ላይ፣ አንድ እግር ነዳጅ ላይ አድርጎ እንደመንዳት ነው። የጫቱ ታኒን ደግሞ ሆድ ያደርቃል፣ አንዳንድ መድኃኒትም ይይዛል። አምፒሲሊን ከጫት ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ አሞክሲሲሊንም በመጠኑ። አንቲባዮቲክ ታዞልዎት መቃሙን ካልተዉ፣ ቅመው ከጨረሱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ኪኒኑን ይውሰዱ።

ለስኳር ታካሚ ትልቁ አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት የጀመረ በርጫ ምሳን ያሳጥራል፣ እራትን ይዘላል። ጠዋት የተወሰደው ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ግን ምግብ አለ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ከዚያ ልብ መምታት፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ እሱም «ምርቃና ነው» ተብሎ ይታለፋል። አያልፉት፤ ጣትዎን ወግተው ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጥተው ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ይለኩ። ካልተነሳ ይድገሙት፤ ሲነሳም ምግብ ይብሉ። መለኪያ ከሌለዎት ሳይለኩ ይጠጡ፤ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ያለ ስኳር ከወረደ ስኳር ያነሰ ጉዳት አለው። ሰውየው ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርበት፤ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል ነው።

በተቃራኒው፣ ስኳሩ ያልወረደ ሰው ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ለስላሳ አለ። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይዟል፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። በአንድ በርጫ ሁለት ጠርሙስና አራት ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ የሚጠጣ ሰው እራት ባለመብላቱ ብቻ ስኳሩ አይስተካከልም። ውሃ፣ ያልጣፈጠ ሻይ ወይም ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) ይሻላል።

ማታ ምርቃናውን ለመስበር የሚደረገው ጨብሲ፣ በተለይ ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ሲደባለቅ፣ ትንፋሽ ያዳክማል። ዲያዜፓም ከአልኮል ጋር አይሄድም፤ ድርድር የለውም።

ጫት ጉበት ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ለሚቅም ሰው፣ አዎ። ሐረር ውስጥ በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ምክንያቱ በሌላ ያልተገለጸ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ በየቀኑ ጫት ከሚቅሙ ሰዎች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል፤ የቃሙት ዓመትና መጠን ሲጨምር ግንኙነቱም ይጠነክራል። በየቀኑ የሚቅም ሰው ዓመት ላይ አንድ ጊዜ የጉበት ምርመራና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ቢያደርግ ብልህነት ነው።

መተው ፈልጌ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት የሚያስጮኸኝ ቅዠት መጣብኝ።

ዱካክ ነው። ድካም፣ ብስጭት፣ ብዙ መብላትና መተኛት፣ ሐራራም አብረው ይመጣሉ። አስፈሪ ቢሆንም ሕይወት የሚያሰጋ አይደለም፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይለቃል። በአንድ ቀን ከመተው ይልቅ መጀመሪያ የኢጃባናውን (የጠዋቱን) ያስቀሩ፣ ቀጥሎ የሚጀምሩበትን ሰዓት ያዘግዩ፣ ከዚያ ቀናቱን ይቀንሱ። የተተወው ሰዓት ባዶ ከሆነ ግን ተመልሶ በርጫ ይሆናል፤ ስለዚህ ለ8 ሰዓት ከሰዓት በኋላ የሚሆን ሌላ ሥራ ይያዙለት። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ከመጣ ይህ ዱካክ አይደለም፤ በዚያው ቀን የአእምሮ ሐኪም ማየት አለበት።

ግፊቴ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ኪኒኑ አልሠራ ይሆን?

መጀመሪያ አለካኩ ይስተካከል። ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ የለም፤ ጫት ከሆነ ደግሞ ገና ሳይጀምሩ። ሽንት ቤት ይሂዱ። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር መሬት ረግጦ፣ አምስት ደቂቃ ሳያወሩ ይቀመጡ። ክንዱ በልብ ልክ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ማሰሪያው በባዶ ገላ ላይ ይሁን። በሸሚዝ እጀታ ላይ ወይም ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ከተጠቀሙ ቁጥሩ በውሸት ከፍ ይላል። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩ። ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን እንዲህ ካደረጉ አማካዩ እውነተኛው ግፊትዎ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲለካ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው፣ ጤና ተቋም ላይ 140 በ90።

ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ግፊት ያወርዳሉ?

በጥቂት ነጥብ። ጥቁር አዝሙድ፣ ሐበት ሱዳ የሚሉትም አሉ፣ በአብዛኛው በቀን ከ1 እስከ 3 ግራም ተጠንቷል። 180 የደረሰን ግፊት ወደ 130 አያወርድም። ከኪኒኑ ጋር ቢጨምሩት ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ በኪኒኑ ምትክ ግን አይሆንም። ዋርፋሪን (ደም የሚያቀጥን መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርትን ከወጥ መጠን አያሳልፍ፤ ቀዶ ጥገና ያለበትም ከሳምንት በፊት ሁለቱንም በመድኃኒት መጠን መውሰድ ያቁምና ለሰመመን ባለሙያው ይንገር፤ ደም አልቆም ይላል።

ጨው መቀነስ ከሁለቱም በላይ ይሠራል። በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች፤ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ቀድሞ የገባው ጨው ጭምር ተቆጥሮ ነው።

ትኩሳት ሲይዘኝ ዳማ ከሴ ጠጥቼ ልጠብቅ?

ሐረር ላይ ምናልባት አንድ ቀን። ድሬዳዋ ላይ ግን አይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ ወባ ከተማዋን በወረርሽኝ አናግተዋታል። ሦስቱም በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይጀምራሉ፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው፣ በአይን አይለዩም። ዳማ ከሴውን ይጠጡ፣ ግን የወባ ምርመራውንም በዚያው ቀን ያድርጉ።

ደንጊ መሆን አለመሆኑ እስኪታወቅ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን አይወሰዱ፤ የመድማት አደጋ ይጨምራሉ። ለሕመሙ የ500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል፣ አንድ ወይም ሁለት ኪኒን በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ሳይበልጥ። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ከዚያ ባነሰ መጠን በሐኪም ምክር። ትኩሳቱ ሲበርድ የሚጀምር ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ማስታወክ ወይም የድድ መድማት ካለ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል በአስቸኳይ ይሂዱ፤ ደንጊ የሚገድለው ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ነው።

የግቢውን በርሜል በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃውን ደፍተው ጎኑን በብሩሽ ይፈግፍጉት። ውሃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ እንቁላሉ ከውሃው መስመር በላይ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ረመዳንን ወይም ዐቢይ ጾምን ከስኳር ጋር መጾም እችላለሁ?

ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ስኳሩ በቅርቡ በጣም የወረደበት፣ ኩላሊቱ የታመመ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ጾሙ ይቅርባቸው የሚለው ምክር ጠንካራ ነው። ሌላው ሰው ከጾሙ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድሞ ሐኪሙን ያግኝ፤ ዋዜማው ላይ መምጣት አይረዳም። ሜትፎርሚን ሦስት ጊዜ 500 የሚወስድ ብዙ ጊዜ 1000 በኢፍጣር፣ 500 በሱሁር ተደርጎ ይስተካከላል። የግሊቤንክላማይድ የሱሁር መጠን ይቀንሳል። ሱሁርን በመጨረሻው ሰዓት መብላት ይሻላል፣ ቀድሞ በልቶ መተኛት ቀኑን ያረዝመዋል። ስኳር ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ጾሙ በዚያው ቅጽበት ይፈታል። ጣት መውጋት ጾም አያስፈታም።

የኦርቶዶክስ ጾም ላይ ችግሩ በአብዛኛው ረሃብ አይደለም፤ እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ በአንዴ ሁለት እንጀራ በሽሮ መብላት ነው። ግማሽ ትሪው ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር ወይም ሽምብራ፣ ሩቡ እንጀራ ቢሆን ጾሙ ሲፈታ ስኳሩ አይዘልም።

ዋግምት (ሒጃማ) ደህና ነው?

ለጡንቻና ለወገብ ሕመም ጊዜያዊ ፋታ ሊሰጥ ይችላል። አደጋው ከመሳቡ ይልቅ ከምላጩ ነው፤ ምላጩ ከፊትዎ ከማሸጊያው ካልተከፈተና ጽዋውም ከጀርም በአግባቡ ካልጸዳ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ ሊተላለፍ ይችላል። ደም ማነስ ያለበት፣ ዋርፋሪን የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር፣ ቆዳው የቆሰለ ሰው አይቀመጥ። ግፊት ያወርዳል ተብሎ ኪኒን ማቋረጥ የለም።

ኮሶ፣ ጤና አዳም፣ ሬት፣ ማር?

ኮሶ አይጠጡ። የዓይን ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ የኮሶ ትል የሚያስወጣ ደህና ኪኒን ጤና ጣቢያ አለ። ጤና አዳም ቡና ላይ አንድ ቅጠል ምንም አይደለም፣ ተፈልቶ በብዛት ከተጠጣ ግን ጽንስ ያስወርዳል፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ፈስሶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። የሬት ቢጫ ውሃ ያስቀምጣል፣ ፖታሲየምን ያወርዳል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ (የሚያሸና የግፊት ኪኒን) የሚወስድ ሰው ላይ ይብሳል። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን በፍጹም አይሰጥ፣ በጣት ለማላስም ቢሆን፤ ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ለሳል ከመኝታ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ጥሩ ነው።

ከገበያ የገዛሁት የሪህ እንክብል በሁለት ቀን አሻለኝ። ተፈጥሯዊ ነው ይላል።

በሁለት ቀን የተአምር ያህል ያሻለ «የቅጠል» እንክብል ውስጡ ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል። ፊት እየሞላ፣ ምግብ እየጣመ፣ ስኳርና ግፊት እየወጣ ከሄደ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ለወራት የወሰዱት ከሆነ በድንገት ራስዎ አያቁሙት፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ሊወድቁ ይችላሉ። እንክብሉን ከነማሸጊያው ይዘው ሐኪም ጋ ይሂዱ። ቀስ ተብሎ ይወርዳል።

በዚህ ሙቀት እንዴት ስፖርት ይሠራል?

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል፤ እያወሩ መሄድ የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ፍጥነት። ድሬዳዋ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር፤ ሐረር ላይ ቀኑን ሙሉ ይቻላል። የጀጎል ግንብ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከሸዋ በር ተነስቶ በውጭ በኩል ዞሮ መመለስ የዕለቱን ድርሻ ከበቂ በላይ ይሞላል። የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በተቅማጥ ቀን አይሂድ፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ይጠጣ። ይህ የተቅማጥ ቀን መጠጥ ነው፣ የዘወትር አይደለም።

ከስፖርት በኋላ የባቢሌ ለውዝ አንድ እፍኝ ጥሩ መክሰስ ነው። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም መራራ ፍሬ ካለበት ግን አይምረጡት፣ ይጣል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን በመቁላት አይጠፋም፤ ጉበትን ይጎዳል።

የሕክምና ተማሪ ነኝ። ይህን መስክ እንዴት ልያዝ?

አቋራጭ የለውም። ሐረር ላይ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ድሬዳዋ ላይ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ያሠለጥናሉ፤ ዲግሪው፣ ኢንተርንሺፑና የሥራ ፈቃዱ መጀመሪያ ይጠናቀቁ። ቀጥሎ ጠንካራ መሠረት የሚሆነው የውስጥ ደዌ ወይም የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ነው፤ የቤተሰብ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በዓለም ደረጃ የተቀናጀ ሕክምናን ወደ ዩኒቨርሲቲ ያስገባው ታዋቂ ፕሮግራም አሜሪካዊው ሐኪም አንድሪው ዌል በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቋቋመው ነው። የአኗኗር ሕክምና የሚባለው ጎረቤት መስክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የራሱ የምስክር ወረቀት ፈተና አለው፤ ስድስት ምሰሶ ይላል፦ ምግብ፣ እንቅስቃሴ፣ እንቅልፍ፣ ጭንቀትን መያዝ፣ ከሱስ መራቅና ማኅበራዊ ግንኙነት። ለድሬዳዋና ለሐረር ሐኪም ሁለተኛው የበለጠ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ከውድ ማሟያ እንክብል ይልቅ እንጀራ፣ ጨውና ጫት ላይ ያተኩራል።

ደመወዙ የተለየ ይሆናል ብለው አይጠብቁ። ሥራው በአብዛኛው የሚሠራው እዚያው የስኳርና የግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀጠሮ 40 ደቂቃ ይፈልጋል፤ የተመላላሽ ታካሚ ክፍሉ ደግሞ ለአንድ ሰው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጥዎ። መፍትሔው ጥያቄውን ማከፋፈል ነው፦ ዛሬ ምግብ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጫትና እንቅልፍ፣ ከዚያ ቅጠላ ቅጠሉ። ነርሷ ቀድማ የምትሞላው አንድ ገጽ ቅጽ ካዘጋጁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ሐኪሞች በዚህ መስክ የት ይሳሳታሉ?

በሽያጭ። ያዘዘውን ዘይት ራሱ የሚሸጥ ሐኪም ምክሩ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለተኛው «መርዝ ማስወጣት» እያሉ የቫይታሚን ግሉኮስ መስቀል ነው፤ ኩላሊትና ጉበት ያላቸው ሰው ላይ ሥራው ቀድሞውኑ እየተሠራ ነው። ሦስተኛው፣ አዲስ ነገር ጨምሮ አለመለካት። አብሽ የፈቀዱለት ሰው በሁለት ሳምንት የጾም ስኳሩ፣ በሦስት ወር ኤችቢኤዋንሲው (የወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ) ካልታየ ሕክምና አልተሰጠም፤ ወግ ነው የተወራው።

ካርዱ ላይ ምን ይጻፋል?

«የባህል መድኃኒት ይወስዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለቀጣዩ ሐኪም ምንም አይነግረውም። እንዲህ ይጻፍ፦ አብሽ፣ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በውሃ ያለ ማር፣ ጠዋት፣ ከ3 ወር ጀምሮ። ጫት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ2 ለስላሳ ጋር፣ እራት አይበላም። የጫት እስር ከቦታ ቦታ መጠኑ ስለሚለያይ በሰዓት መመዝገቡ ይሻላል። አዲስ ሽፍታ፣ የዓይን ቢጫነት ወይም ያልተጠበቀ መድማት ከታየ ደግሞ የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያው ቢጫ ቅጽ ይሞላ፤ ቅጠሉም እንደ ኪኒኑ ስሙ፣ መጠኑና የተጀመረበት ቀን ይገባበታል።